የንጉሡ ቤት ምሥጢርና የሀገር ቁጣ፦ የዐፄ ሱስንዮስ ሕይወት

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ የፎገራን ሜዳ ሰንጥቆ የርብን ወንዝ ይሻገራል። ክረምት ሲገባ ውኃ የሚተኛበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት፣ የፎገራ ከብት የሚሰማራበት ይህ ለጥ ያለ ምድር በምዕራብ በኩል ከጣና ሐይቅ ጋር ይዋሰናል። መንገደኛው አዲስ ዘመንን አልፎ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ እንፍራዝ ይደርሳል። ዐፄ ሠርጸ ድንግል ያሠሩት የጉዛራ ግንብ ዛሬም ከኮረብታው ላይ ሆኖ ሐይቁን ቁልቁል ያያል። ጎንደር ገና ሳትቆረቆር የነገሥታቱ ድንኳን የሚተከለው በዚህ አገር ነበር። ሠርጸ ድንግል ካረፉ ከዐሥር ዓመት በኋላ ዙፋኑን የያዙት ዐፄ ሱስንዮስም የመጀመሪያ ከተማቸውን ያደረጉት ከእንፍራዝ ብዙም በማይርቀው በቆጋ ነበር። ኋላ ወደ ጎርጎራ፣ ከዚያም ወደ ደንቀዝ ተሻገሩ።

የእኒህ ንጉሥ ስም ሲነሣ ሰው ፈጥኖ የሚያስታውሰው የሃይማኖት ለውጡንና በእርሱ ምክንያት የፈሰሰውን ደም ነው። ከዚያ ታላቅ ነገር ጀርባ ግን ከቤት የጀመረ ሌላ ጉዳይ አለ። ንጉሡ ብዙ ሚስቶች ነበሯቸው። ሀገሪቱ የምትመራበት የቤተ ክርስቲያን ሕግ ለአንድ ወንድ አንዲት ሚስት ብቻ ይፈቅዳል። ይህ ቅራኔ ለዘመናት እየታወቀ ሲታለፍ የኖረ ነበር። በሱስንዮስ ዘመን ግን ከልብ ምሥጢርና ከመንግሥት ምሥጢር ጋር ተቆራኝቶ ወደ አደባባይ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ሱስንዮስ የተወለዱት በ1564 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባታቸው አቤቶ ፋሲል የዐፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ሐመልማል ወርቅ ይባላሉ። ሕፃኑ ሱስንዮስ ገና በለጋ ዕድሜያቸው አባታቸው ከኦሮሞ ጦር ጋር በተደረገ ውጊያ ተገደሉ፤ ልጁም ተማረኩ። ከዓመት በላይ በኦሮሞዎች መካከል ኖረው፣ በኋላ ደጃዝማች አስቦ አስለቀቋቸው። በዚያ የምርኮ ዘመን የቀሰሙት ቋንቋና የውጊያ ስልት ጎልማሳ ሆነው ዙፋን ለመያዝ ሲነሡ ትልቅ ስንቅ ሆናቸው። በጦራቸው ውስጥም ብዙ ኦሮሞዎች ከጎናቸው ተሰለፉ።

ወደ ዙፋኑ የሚወስደው መንገድ ራሱ የነገሥታቱ ጋብቻ ባመጣው ጣጣ የተሞላ ነበር። ዐፄ ሠርጸ ድንግል ከእቴጌ ማርያም ሥና ሴቶች ልጆች እንጂ ወንድ ወራሽ አላገኙም። ወንዶቹ ልጆቻቸው የተወለዱት ከዕቁባት ነበር። ንጉሡ በ1589 ዓ.ም. ሲያርፉ መኳንንቱ ከዕቁባት የተወለደውን የሰባት ዓመቱን ሕፃን ያዕቆብን አንግሠው በስሙ መግዛት ጀመሩ። ሕፃኑ አድጎ በራሱ ሊያዝ ሲል ወደ እናርያ አጋዙትና የሠርጸ ድንግልን የወንድም ልጅ ዘድንግልን አነገሡ። ዘድንግል በ1597 ዓ.ም. ጥቅምት በደምቢያ፣ በበርጫ ሜዳ ተገደሉ። ያዕቆብ ተመልሰው ነገሡ፤ ሱስንዮስም ዙፋኑ ለእኔ ይገባል ብለው ጦር አነሡ። በመጋቢት 1599 ዓ.ም. በጎጃም ጎል በተባለ ስፍራ በተደረገው ጦርነት ያዕቆብና ከእርሳቸው ጋር የቆሙት ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ወደቁ፤ ሱስንዮስ አሸነፉ። የእቴጌ ልጅ ማን፣ የዕቁባት ልጅ ማን፣ ለመውረስ የሚበቃው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ለዐሥር ዓመት ሀገር ሲያተራምስ የቆየው እንዲህ ነበር።

የነገሥታቱ የብዙ ሚስት ልማድ ከሱስንዮስ ዘመን እጅግ የቀደመ ነው። ፍትሐ ነገሥት ክርስቲያን ሁለት ሚስት እንዳያገባ ይከለክላል። ነገር ግን ንጉሥ ከየአውራጃው ባላባት ልጅ ሲያገባ ዝምድና ያበጃል፣ ጦር ያገኛል፣ ግብር ያጸናል፤ ስለዚህም ሕጉ በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ላይ ይቆም ነበር። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የታዘበው ነገር ሁኔታውን በሚገባ ያሳያል። ከአንድ በላይ ሚስት ያለው ሰው ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባና እንዳይቆርብ ይከለከላል፤ የመንግሥት ዳኛ ግን አይጠይቀውም። ልብነ ድንግል የአባቶቻቸውን ልማድ ትተው በአንዲት ሚስት እንደጸኑም ይኸው ቄስ ጽፏል። እንዲህ ያለው ንጉሥ በአዲስነቱ የሚጠቀስ ነበር ማለት ነው።

ልማዱን በመቃወም ዋጋ የከፈሉት የሀገሪቱ መነኮሳት ነበሩ። በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ ከሱስንዮስ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ንጉሡ የአባታቸውን ሚስት ወስደዋል፣ ከአንድም በላይ አግብተዋል ተብሎ ሲሰማ እነ አባ በጸሎተ ሚካኤል፣ አባ አኖሬዎስና የደብረ አስቦው አባ ፊልጶስ በአደባባይ ገሠጿቸው። መልሱ ግርፋትና ስደት ሆነ። መነኮሳቱ ወደ ትግራይ፣ ወደ ደምቢያና ወደ በጌምድር ተበተኑ፤ በተሰደዱበትም ስብከታቸውን አስፋፉ። ልጃቸው ዐፄ ሰይፈ አርዕድም በዚሁ ነገር ከመነኮሳቱ ጋር ተጣልተዋል። በጣና ዙሪያ የክርስትና ትምህርት እንዲጠነክር ካደረጉት ነገሮች አንዱ እንግዲህ በአንድ ንጉሥ ሚስቶች ምክንያት የመጣ ስደት ነው። ሱስንዮስ በቆጋ ድንኳናቸውን ሲተክሉ የረገጡት መሬት ይህንን ታሪክ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ሱስንዮስ ከመንገሣቸው አራት ዓመት ቀደም ብሎ በ1595 ዓ.ም. ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ትግራይ ገብቶ ነበር። እስፓኝ የተወለደው ይህ ሰው ቀደም ሲል ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ሲሞክር ተይዞ በየመን ሰባት ዓመት ያህል በእስር ቆይቷል። ግዕዝና አማርኛ አጥንቶ፣ ጠባዩን ከሀገሩ ጋር አስማምቶ፣ ሳይቸኩል የሚሠራ ብልህ ነበር። በመጀመሪያ የቀረበው ለዐፄ ዘድንግል ነው። ዘድንግል በፓኤዝ ትምህርት ተማርከው ለሮማው ጳጳስና ለእስፓኙ ንጉሥ ደብዳቤ እንደጻፉ፣ ነገሩም በምሥጢር እንዲያዝ እንደፈለጉ ይታወቃል። ምሥጢሩ ግን ወጣ። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለንጉሡ ከገባው ቃል ፈቱት፤ በበርጫ የሆነውም ሆነ።

ሱስንዮስ ከዚህ ተማሩ። ልባቸው ወደ ፓኤዝ ትምህርት ቢያዘነብልም፣ የፖርቱጋል ወታደርና ጠመንጃ ቢናፍቁም፣ ለዓመታት ነገሩን ሸሽገው ያዙ። ከነገሡ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሮማና ወደ እስፓኝ ደብዳቤ ላኩ። በ1605 ዓ.ም. ደግሞ አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ የተባለውን ቄስና ፍቁረ እግዚእ የተባለ መልእክተኛ በጎጃም፣ በእናርያና በከምባታ አድርገው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ እንዲደርሱ ላኳቸው። መልእክተኞቹ በመንገድ ታግተው፣ ብዙ መከራ አይተው ሳይደርሱ ተመለሱ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ንጉሡ በይፋ የተዋሕዶ ንጉሥ፣ በስውር ከሮማ ጋር የሚጻጻፉ ሰው ነበሩ።

በእናት የሚወለዷቸው ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ቀድመው በ1604 ዓ.ም. ገደማ ወደ ካቶሊክ ገቡ። ንጉሡን ያዘገያቸው የሕዝቡ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። የካቶሊክ ቄስ ንስሐቸውን ተቀብሎ ሊያቆርባቸው የሚችለው ከአንዲት ሚስት በቀር ሌሎቹን ሲያሰናብቱ ነበር። ይህ ደግሞ የሚነካው ብዙ ነው። ከእያንዳንዷ ሚስት ጀርባ አባት፣ ወንድም፣ ርስትና ጦር አለ። ልጆች አሉ። ዛሬ ከቤተ መንግሥት በክብር የወጣች ሴት ነገ ቂም የያዘ ቤተሰብ መሪ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ የንጉሡ ልብ ካመነ በኋላም ቤታቸው ዓመታትን ጠየቀ።

እስከዚያው ግን ምሥጢሩ እየተሰነጠቀ ሄደ። በቤተ መንግሥት በሊቃውንቱና በኢየሱሳውያኑ መካከል የባሕርይ ክርክር ተከፈተ፤ ንጉሡ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያደሉ ለመገመት የሚቸገር አልነበረም። በ1609 ዓ.ም. አቡነ ስምዖን ተቃዋሚዎችን ይዘው ተነሡ። የንጉሡ አማች ዮልዮስ ጦር መራ። የንጉሡ ወንድም የማነ ክርስቶስም ከአድማው ጋር ስሙ ተነሣ። በጦርነቱ ዮልዮስና ጳጳሱ ተገደሉ። ከአንድ ጦርነት ላይ የጳጳስ አስከሬን ሲነሣ በሱስንዮስ ዘመን ይህ ሁለተኛው ነበር።

ቀጥሎ የወጣው አዋጅ ወደ ገበሬው ጓዳ ገባ። ቅዳሜን ማክበር ተከለከለ፤ ገበሬው በሰንበት ቅዳሜ በሬውን ጠምዶ እንዲያርስና እንዲዘራ ታዘዘ፤ የማይታዘዝም ንብረቱን ሊያጣ ተፈረደበት። አባቱና አያቱ ያከበሩትን ዕለት ሻረው ሲባል ገበሬው የመኳንንቱ ጠብ የራሱም ጠብ እንደሆነ ተረዳ። በ1612 ዓ.ም. ገደማ የበጌምድሩ ገዢ ዮናኤል ሸፈተ። በዳሞትም መነኮሳትና ሕዝብ ተነሥተው ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ጦር ጋር ተጋጩ፤ ብዙዎች አለቁ። የፎገራ ሜዳ የበጌምድር ደጃፍ እንደመሆኑ፣ ዐመፅ በተነሣ ቁጥር የሚዘምተውም የሚሸሸውም ጦር እህሉን የሚበላው፣ ከብቱን የሚነዳው ከእንዲህ ያለው ለም አገር ነበር።

በ1614 ዓ.ም. ሱስንዮስ የመጨረሻውን እርምጃ ወሰዱ። ለፔድሮ ፓኤዝ ኃጢአታቸውን ተናዘዙ፤ ከመጀመሪያዋ ሚስታቸው በቀር ሌሎቹን አሰናበቱ፤ የሮማን እምነት መቀበላቸውንም በይፋ አሳወቁ። ለዐሥራ አምስት ዓመት የተሸሸገው ነገር በጥቂት ቀናት ውስጥ ገሃድ ሆነ። ፓኤዝ ይህን ካየ በኋላ ብዙም አልቆየም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በትኩሳት ታሞ አረፈ። ትዕግሥቱንና የሀገሩን ሰው የማወቅ ብልሃቱን ይዞት ሄደ።

የዘመኑ ጸሐፊዎች የንጉሡን ንስሐ እንደ ታላቅ ድል መዘገቡ። ስለ ተሰናበቱት ሴቶች ግን የተረፈው ታሪክ ጭል ጭል የሚል ነው። ንጉሡ ሕሊናቸውን ሲያሳርፉ እነርሱ ማዕርጋቸውን አጡ፤ በንጉሥ ቤት የተወለዱ ልጆቻቸው በአንድ ጀምበር የሌላ ስም ባለቤት ሆኑ። ትላንት በሀገሩ ዐይን ወይዘሮ የነበረችው ዛሬ በአዲሱ ሥርዓት ዕቁባት ተባለች። ጥፋቱ በሠሪው ላይ ሳይሆን በእርሷ ላይ የተጻፈ ያህል ነበር። አንድ ሚስት ይበቃል የሚለው ሕግ በራሱ ትክክል ነው። ሕጉን ለመፈጸም የተከፈለውን ዋጋ አብዛኛውን የከፈሉት ግን ሕጉን ያፈረሱት አልነበሩም።

መኳንንቱም ይህን ሲያዩ ለራሳቸው ሰጉ። በሀገሩ ልማድ በቁርባን የሚጋባ ጥቂት ነው፤ የቁርባን ጋብቻ አይፈርስምና። ብዙው ሰው በውልና በሽማግሌ ይጋባል፤ ካልተስማማም ንብረቱን ተካፍሎ ይፋታል። ባለጸጋው ደግሞ ከሚስቱ ሌላ ቅምጥ ያኖራል። ኢየሱሳውያኑ ጋብቻ ሁሉ አንድና የማይፈታ ነው ብለው ማስተማራቸው የንጉሡን ቤት ብቻ አልነካም። በየጌታው አዳራሽ ገብቶ ማን ሚስት ነች፣ ማን ቅምጥ ነች፣ የማን ልጅ ይወርሳል ብሎ የሚጠይቅ ነበር። ለእምነቱ የተቆጣም፣ ለቤቱ የፈራም በአንድ ሰልፍ ተገኙ። ማንኛቸው በየትኛው ምክንያት እንደቆሙ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

በ1617 ዓ.ም. በፓኤዝ ስፍራ ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ መጣ። በየካቲት 1618 ዓ.ም. በደንቀዝ ሱስንዮስ በመኳንንቱ ፊት ተንበርክከው ለሮማው ጳጳስ ታማኝነታቸውን ማሉ፤ ልጃቸው ፋሲለደስና መኳንንቱም ተከትለው ማሉ። ሜንዴዝ እንደ ፓኤዝ የሚታገሥ ሰው አልነበረም። ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ እንዲሾሙ፣ ታቦታቱና አብያተ ክርስቲያናቱ ዳግመኛ እንዲባረኩ አዘዘ። ጾሙና በዓሉ በሮማ አቆጣጠር እንዲሆን ፈለገ። ግዝረት ተከለከለ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በዚህ አዋጅ ሲመዘን ክርስትናው እንዳልነበረ፣ ጥምቀቱ እንዳልተጠመቀ፣ የቀበረው አባቱም ያለ ክርስትና እንደሞተ የተነገረው ያህል ተሰማው።

ከሁሉ ይልቅ ጸንተው የተቃወሙት ሴቶች ነበሩ። በቤተ መንግሥቱ የፋሲለደስ እናት እቴጌ ወልድ ሰዓላ ለአዲሱ ሃይማኖት ልባቸውን አልከፈቱም። ከቤተ መንግሥት ውጭ ደግሞ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም ከፍ አለ። ባሏ የንጉሡ አማካሪ ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ባሏ አቡነ ስምዖን በተገደሉበት ዘመቻ ከንጉሡ ጎን መሰለፉን ስታውቅ ከእርሱ ጋር መኖርን ትታ መነኮሰች። በጣና ዳር እየዞረች የንጉሡን ሃይማኖት አትቀበሉ ብላ አስተማረች። ለፍርድ ቀረበች፣ ተገሠጸች፣ በመጨረሻም ዘበይ ወደተባለው የምዕራብ ቆላ ተጋዘች። እርሷ ስትጋዝም ተከታዮቿ አልተበተኑም፤ ወንዱም ሴቱም እየተከተላት ማኅበር ሆነ። ከፎገራ ሜዳ በደቡብ ምዕራብ፣ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለችው ቁራጣ እስከ ዛሬ ስሟን ከእርሷ ማኅበር ጋር አስተሳስራ ትጠራለች።

በአንድ ዘመን ሁለት ዓይነት ሴቶች ከባሎቻቸው ተለዩ ማለት ነው። የንጉሡ ሚስቶች በባላቸው ሕሊና ምክንያት ተሰናበቱ። ወለተ ጴጥሮስ በገዛ ሕሊናዋ ምክንያት ባሏን ተወች። የቀደሙት በታሪክ ዳር ቀሩ፤ የኋለኛዋ ገድል ተጽፎላት በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን ትታሰባለች።

በ1621 ዓ.ም. ገደማ ላስታ ተነሣ። መልክአ ክርስቶስ የሚባል የንጉሥ ዘር መሪው ሆነ፤ ገበሬው በገደልና በአምባ ተመክቶ የንጉሡን ጦር ደጋግሞ መለሰ። በየዓመቱ ዘመቻ ይታወጃል፣ በየዓመቱ ሰው ያልቃል። የንጉሡ ወታደሮች ራሳቸው ከወንድሞቻቸው ጋር ለመዋጋት እግራቸው ከበደ። በሰኔ 1624 ዓ.ም. የላስታ ጦር ወርዶ ደንቀዝ አቅራቢያ ወይና ደጋ ላይ ከንጉሡ ጋር ገጠመ። ሱስንዮስ አሸነፉ። ከላስታ ወገን የወደቀው ሰው ወደ 8,000 እንደሚደርስ ይነገራል።

በማግስቱ የሆነው ከድሉ ይልቅ ጎልቶ ቀረ። መኳንንቱ ንጉሡን በሬሳው መካከል አቆሟቸው። የወደቁት ሁሉ ክርስቲያን፣ የወደቁት ሁሉ የገዛ ሕዝባቸው እንደሆኑ፣ በእንዲህ ያለው ድል ደስታ እንደሌለው፣ ወደፊትም በዚህ መንገድ መንግሥቱ እንደማይጸና ነገሯቸው። ንጉሡ በዚያ ጊዜ ስልሳ ዓመት የሞላቸው፣ በሕመምም የደከሙ ነበሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አዋጅ ወጣ። ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ተፈቀደ፤ ካህናቱ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው፣ ገበሬው ወደ ቅዳሜው ተመለሰ። ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ሱስንዮስ ሌላውን ሁሉ ወደ ተዋሕዶ ሲመልሱ ራሳቸው ግን በያዙት እምነት እንደጸኑ ይነገራል። በመስከረም 1625 ዓ.ም. አረፉ፤ አዘዞ ላይ ባለው በገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበሩ። በሕይወታቸው መጀመሪያ በይፋ አንድ፣ በስውር ሌላ ነበሩ። በመጨረሻውም ሕዝቡና ንጉሡ በየራሳቸው እምነት ሆኑ። ልዩነቱ በዚህኛው ጊዜ ማንም ሰው ለንጉሡ ሕሊና ሲል እንዲሞት አለመገደዱ ነበር።

ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከሀገር አስወጡ፤ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ፤ ከእስክንድርያ ጳጳስ አስመጡ። ወለተ ጴጥሮስ ከግዞት ተመልሳ ማኅበሯን ስትመራ ኖረች፤ በ1635 ዓ.ም. አረፈች። የሱስንዮስን ዜና መዋዕል ከጻፉት አንዱ አዛዥ ጢኖ በካቶሊክነታቸው ምክንያት በአዲሱ መንግሥት ተገደሉ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስም ሃይማኖታቸውን አልለውጥም ብለው በግዞት ሕይወታቸው አለፈ። በአንድ ወገን የተጀመረው ማስገደድ ወገኑን ቀይሮ ጥቂት ጊዜ ቀጥሎ ነበር።

ስለ ሚስት ጉዳይስ ምን ተለወጠ? በቤተ መንግሥት ደረጃ ብዙ አልተለወጠም። ከሱስንዮስ በኋላ የተነሡ ነገሥታትም ዕቁባት ከማኖር አልተቆጠቡም፤ በዕቁባት ልጆችና በእቴጌ ልጆች መካከል የሚነሣው የዙፋን ጠብም በጎንደር ዘመን ተደጋግሟል። የአንድ ሚስት ትምህርት በባዕድ ፓትርያርክ አዋጅና በጦር ኃይል ታጅቦ በመምጣቱ፣ የሀገሪቱ መነኮሳት ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ስለ እርሱ መገረፋቸው ተረሳ። ትምህርቱ የራሳቸው የአባቶች ትምህርት ነበር። በመጣበት መንገድ ምክንያት ግን ለብዙዎች የባዕድ መሰለ፤ ልማዱን ሊተዉ የማይፈልጉትም በዚህ ከለላ አገኙ።

ዛሬ በፎገራም ሆነ በሊቦ ከምከም፣ በደራም ሆነ በጎንደር ዙሪያ ጋብቻ የሚዳኝበት ሕግ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው። የቀደመው ጋብቻ ሳይፈርስ ሌላ ማግባትን ይከለክላል፤ ለባልም ለሚስትም እኩል መብት ይሰጣል። በአልቫሬዝ ዘመን የቤተ ክርስቲያን በር ብቻ ይዘጋበት የነበረው ሰው ዛሬ የዳኛ ፊትም ይጠብቀዋል። ሆኖም በገበያ ከተማ ሌላ ቤት አቁሞ፣ በገጠር ያለችውን ሚስት በዝምታ የሚያኖር አባወራ ወሬው ከየመንደሩ አልጠፋም። ባልየው ሲሞት ሁለት ሴቶች በአንድ ለቅሶ ቤት ይገናኛሉ፤ ከተዝካሩ በኋላም የሁለቱ ልጆች በአንድ ማሳ ይካሰሳሉ። የሠርጸ ድንግል ቤት ጠብ በዙፋን ላይ ነበር፤ የእነዚህ ጠብ በጥማድ መሬት ላይ ነው። መነሻው ግን አንድ ነው፤ አባት በሕይወት ሳለ በግልጽ ያልተናገረው ነገር።

የጉዛራ ግንብ በእንፍራዝ ኮረብታ ላይ አሁንም ቆሟል። በደንቀዝ ሱስንዮስ የተንበረከኩበት ቤተ መንግሥት ፍርስራሹ ይታያል። በቁራጣ ደወሉ ሲደወል ድምፁ በሐይቁ ላይ ይሰማል። ከንጉሡ ቤት በ1614 ዓ.ም. የወጡት ሴቶች ወደ የት እንደሄዱ የሚያመለክት ሐውልት ግን በእነዚህ ስፍራዎች በአንዱም የለም።